ካናዳ ውስጥ ለኢንዲጂነስ (ለነባር ሕዝቦች) ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ በነጻ ነው ሚባለው እውነት ነው እንዴ?

ዊኒፔግ_ልጅ፦
ሰላም የቤቱ ሰዎች። አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ቀላል ይመስላል ግን ሰው በጠየኩ ቁጥር የተለያየ መልስ ነው ማገኘው። እዚ ዊኒፔግ ነርሲንግ እየተማርኩ ነው፣ ማታ ማታ ሆም ኬር እሰራለሁ፣ ስቱደንት ሎንም አለብኝ። ክላስ ውስጥ ከሰሜን ማኒቶባ የመጣች ፈርስት ኔሽን ልጅ አለች፣ ግሩፕ ወርክ አብረን ነው ምንሰራው። እኛ ሀበሾች ስንገናኝ ሁሌ ሚወራው "እነሱኮ ሁሉ ነገር ነጻ ነው፣ መንግስት ቤት ኪራይ ሳይቀር ይከፍልላቸዋል" ሚል ነው። እሷ ግን ሴፕቴምበር ሙሉ መጽሐፍ አልነበራትም፣ የኔን በስልኳ ፎቶ እያነሳች ነበር ምታነበው። ገንዘቡ ካለ ምን ሆኖ ነው? እሷን መጠየቅ ደሞ ከበደኝ። ሲስተሙን ሚያውቅ ያስረዳኝ እስቲ፣ ነገሩ ፌር ነው ወይስ አይደለም?

ታክስ_ከፋዩ፦
ፌር አይደለም፣ በቃ መልሱ ይሄው ነው። እኔ ካልጋሪ ትራክ እየነዳሁ ሁለት ልጅ ነው ማስተምረው፣ አንድም ሰው መጥቶ ቱሽን ልክፈልልህ አላለኝም። እኛም ከድህነት ከጦርነት ነው የመጣነው። ታክስ አይከፍሉም፣ ትምህርት በነጻ፣ ከዛ ደሞ አነሰን ብለው ሰልፍ ይወጣሉ። ችግረኛ ሁሉ እኩል ይረዳ፣ በዘር መሆኑ ነው ማይገባኝ። ዘር እየቆጠሩ መስጠት ምን እንደሚያመጣ ከሀገራችን በላይ ሚነግረን የለም።

ቡና_በጠዋት፦
ሰላም ዊኒፔግ_ልጅ። እኔ ማኒቶባ ውስጥ አንድ ኮሌጅ ፋይናንሻል ኤይድ ክፍል ነው ምሰራው፣ የቱ እንደሆነ አትጠይቁኝ። ይሄን ጥያቄ ከሀበሻውም ከፈረንጁም ከህንዱም በየዓመቱ ስለምሰማው ዛሬ ረዘም አድርጌ ልጻፈው፣ ሻይ አፍሉ።

መጀመሪያ ኢንዲጂነስ ሲባል ሶስት ናቸው፣ ፈርስት ኔሽንስ፣ ኢኑይት እና ሜቲስ። ሰው ሁሉ "ነጻ" እያለ ሚያወራለት ገንዘብ ፖስት ሰከንደሪ ስቱደንት ሰፖርት ፕሮግራም ሚባለው ነው፣ ከፌደራል መንግስት ሚመጣ፣ በዋናነት ስታተስ (በኢንዲያን ሕጉ መሰረት የመንግስት ምዝገባ) ላላቸው ፈርስት ኔሽንስ። ሜቲስ እና ስታተስ ካርድ የሌለው ሰው እዚ ውስጥ የለበትም፣ ሜቲሶች የራሳቸውን ያገኙት ገና በ2019 በጀት ነው። ስለዚ "ሁሉም ያገኛሉ" ሚለው ገና ከበሩ ላይ ወደቀ።

ሁለተኛ፣ ብሩ በቀጥታ ለተማሪው አይደለም ሚሰጠው። ከኦታዋ ወደ ማህበረሰቡ (ባንድ ሚባለው) ነው ሚሄደው፣ ለዓመቱ ይሄን ያህል ተብሎ ተቆርጦ፣ ከዛ ባንዱ በራሱ ፖሊሲ ላመለከቱት ልጆች ያከፋፍላል። 10 ልጅም ያመልክት 40 ልጅ የተቆረጠው ብር ያው ነው። ብዙ ቦታ ቅድሚያ ለጀመሩት ነው፣ ያው መሀል ላይ እንዳይቋረጡ፣ ከዛ ዘንድሮ 12ኛ የጨረሱ፣ ከዛ ልጅ ወልደው ስራ ሰርተው አሁን ልማር ብለው የመጡት። ለተረፈው ሰው "ዌይቲንግ ሊስት ላይ ነሽ፣ ለሚቀጥለው ዓመት እንደገና አመልክቺ" ይባላል። ልዩነቱን ልብ በሉልኝ፣ እኔና አንተ ስቱደንት ሎን ስናመለክት መስፈርቱን ካሟላን እናገኛለን፣ ዘንድሮ ሞልቷል ብሎ ሚመልሰን የለም። የነሱ ግን ልክ እንደ ኮታ ነው፣ ሲያልቅ አለቀ።

ኦገስት መጨረሻ ላይ የኛ ካውንተር ጋ ብትመጡ ታዩታላችሁ። ልጅቷ ቆማለች፣ ሻንጣዋ አጠገቧ ነው ምክንያቱም ከሰሜን በፕላን መጥታ ከኤርፖርት በቀጥታ ነው የመጣችው፣ መንገድ ማይገባበት ሰፈር ነው ቤቷ፣ በክረምት በረዶ ሲጠነክር ካልሆነ። ስፖንሰርሺፕ ሌተሩ ገና አልደረሰንም። ሌተሩ ላይ ባንዱ ለየትኛው ሴሚስተር፣ እስከ ስንት ብር፣ መጽሐፍ ይጨምር አይጨምር ተጽፎ መምጣት አለበት፣ እሱ ካልመጣ ሲስተማችን የክፍያ ቀን ሲያልፍ አካውንቷን ቀይ ያደርገዋል፣ ሆልድ ይገባበታል። እዛው ቆማ ባንድ ኦፊስ ትደውላለች፣ ስልኩ ይጠራል ይጠራል። የኤጁኬሽን ኮኦርዲኔተሩ ለመላው ሰፈር አንድ ሰው ነው፣ እሱ ራሱ የሀይስኩል ልጆቹን ወደ ከተማ ማጓጓዝም ቤት ፍለጋም ይዟል። እኛም እንደምንም ቀን እናራዝምላታለን፣ ሌተሩ ይመጣል፣ ቱሽኑ ይከፈላል፣ የመጽሐፍና የኪራይ ብሩ ግን ሴፕቴምበር አጋማሽ ወይ መጨረሻ ነው ሚገባላት። ክላስሜትህ መጽሐፍ ያልነበራት እንዲ ሆኖ ሊሆን ይችላል፣ በርግጠኝነት አላውቅም፣ ግን የማየው ይሄንን ነው።

ታክስን በተመለከተ፣ ታክስ ከፋዩ ወንድሜ፣ ነጻ ሚሆነው ስታተስ ያለው ሰው ሪዘርቭ (ለፈርስት ኔሽንስ የተከለለ መሬት) ላይ ሰርቶ ያገኘው ገቢ ነው። ዳውንታውን ካልጋሪ ቢሮ ውስጥ ሚሰራ ፈርስት ኔሽን እንዳንተው ነው ሚቆረጥበት። ሜቲስና ኢኑይት ደሞ ጭራሽ ይሄ የላቸውም።

ታክስ_ከፋዩ፦
እሺ ኮታ ነው እንበል፣ ኮታውም ቢሆን ለኔ ልጆች የለም። ደሞ ኮታ ከሆነ ለምን አይጨምሩትም፣ በየዓመቱ ቢሊዮን ይሄዳል ይባል የለ እንዴ?

ቡና_በጠዋት፦
ለምን አይጨምሩትም አልከኝ፣ እሱ ነው ዋናው ነገር። በ1996 የካናዳ መንግስት ዴፊሲት ልቀንስ ብሎ የኢንዲያን አፌርስ (የያኔው የኢንዲጂነስ ጉዳይ መስሪያ ቤት) ዋና ዋና ፕሮግራሞች በጀት በዓመት ከ2 ፐርሰንት በላይ እንዳያድግ ካፕ አደረገበት። ጊዜያዊ ነው ተብሎ ነው የተጀመረው፣ 20 ዓመት ቆየ። ካልኩሌተር አውጡ፣ 100 ብር በዓመት 2 ፐርሰንት ስታሳድጉት በ20 ዓመት 149 ገደማ ነው ሚሆነው። በዛው ጊዜ የካናዳ ዩኒቨርሲቲ ቱሽን በአማካይ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። የሰዉም ቁጥር ጨምሯል፣ ከ2006 እስከ 2016 ብቻ ቆጠራው ላይ የኢንዲጂነስ ሕዝብ በ42.5 ፐርሰንት አድጓል (ከፊሉ ድሮ ማንነቱን ያልተናገረ ሰው አሁን በመናገሩ ነው፣ ቢሆንም)፣ ያውም ሕዝቡ በዕድሜ ወጣት ነው፣ ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ላይ ያለ ልጅ ብዙ ነው። ልጁ በዛ፣ ክፍያው ናረ፣ ኪራዩ ጣራ ነካ፣ ብሩ ግን እየተንፏቀቀ። ዌይቲንግ ሊስቱ ከሰማይ አልወረደም፣ በበጀት ነው የተሰራው።

በ2015 መጨረሻ የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር ትሩዶ ካፑን አነሳለሁ አለ። ከዛ 2017 በጀት ላይ ለዚ ፕሮግራም 90 ሚሊዮን በ2 ዓመት፣ 2019 ላይ 327.5 ሚሊዮን በ5 ዓመት፣ 2024 ላይ 242.7 ሚሊዮን በ3 ዓመት ተጨመረ። ሲሰማ ብዙ ነው። የመጨረሻውን ለ3 አካፍሉት፣ በዓመት 81 ሚሊዮን ገደማ። ካናዳ ውስጥ ከ600 በላይ የፈርስት ኔሽን ማህበረሰብ አለ፣ በ630 ስታካፍሉት ለአንዱ በዓመት 128 ሺ አካባቢ ይደርሰዋል፣ ከድሮው መደበኛ በጀት ላይ ሚጨመር ማለት ነው። አንድ ልጅ ቱሽን፣ መጽሐፍ፣ ኪራይ፣ ምግብ ተደምሮ 25 ሺ ይፈጃል ብንል (እኔ እንደማየው ከዛም ያልፋል በተለይ ልጅ ያላት እናት ከሆነች) 5 ልጅ ነው።

እኔን ደሞ ከብሩ መጠን በላይ ሚያናድደኝ 2 ዓመት፣ 5 ዓመት፣ 3 ዓመት ሚለው ነው። ዲግሪ 4 ዓመት ነው። ነርሲንግ 4 ዓመት ነው። ባንዱ ዘንድሮ ልጅ ሲያስገባ ለ4 ዓመት ቃል እየገባ ነው፣ ኦታዋ ግን ለሱ ቃል ሚገባለት ለ3 ነው። ስለዚ ኮኦርዲኔተሩ ጥንቃቄ ያበዛል፣ 8 ማስገባት ሲችል 6 ያስገባል፣ የቀሩት መሀል ላይ እንዳይበተኑበት። ይሄን በየትኛውም የመንግስት መግለጫ ላይ አታዩትም፣ ሚኒስትሩ ቁጥሩን ብቻ ነው ቆሞ ሚያነበው።

አራዳ_ከፒያሳ፦
ዋው ከአዲስ አበባ ነው ማነበው፣ እኔ ካናዳ ሲባል ሁሉም በነጻ ሚማር ነበር ሚመስለኝ 😂 እኛኮ ኮስት ሼሪንግ ፈርመን ገብተን ስንመረቅ ነው ምንከፍለው፣ ቢያንስ ሲገቡ ብር አምጣ አይባልም። አንድ ነገር ልጠይቅ፣ እኛ ጋ ለታዳጊ ክልል ልጆች የመግቢያ ነጥብ ዝቅ ይደረጋል አይደል፣ ጋምቤላ አፋር ሶማሌ፣ የነሱም እንደዛ ነው?

ቡና_በጠዋት፦
አይደለም። የመግቢያ ቦታ ሚይዙ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፣ ሜዲስን ላይ ለምሳሌ፣ ግን እሱ ሌላ ነገር ነው። ይሄኛው ተቀባይነት አግኝተህ ደብዳቤህን ይዘህ ማን ይክፈል ሚለው ጋ ነው ሚጣበቀው።

ሬጃይና_ሽማግሌ፦
ሰላም ልጆች። አልጽፍም ብዬ ነበር ግን "በዘር ለምን" ሚለውን ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም። ታክስ ከፋዩ፣ ልጄ፣ ስጋትህ ይገባኛል፣ እኔም ከሀገር የወጣሁት በሱ ጣጣ ነው። ግን ይሄ ጉዳይ የዘር ሳይሆን የውል ነው። ውል ተፈርሟል።

የዊኒፔግ ልጅ የተቀመጥክበት መሬት ትሪቲ 1 (ውል ቁጥር 1) ነው፣ በ1871 ሎወር ፎርት ጋሪ ላይ የተፈረመ። መሬቱን የእንግሊዝ ንግስት ወሰደች፣ በምላሹ ከገባችው ቃል አንዱ ሕዝቡ በፈለገ ጊዜ በየሪዘርቩ ትምህርት ቤት አኖራለሁ ሚል ነው። ከሱ በኋላ የተፈረሙት ቁጥር ያላቸው ውሎችም፣ እስከ 1921 ድረስ፣ ብዙዎቹ የትምህርት ቃል አለባቸው። አሁን ጭቅጭቁ እዚ ጋ ነው። ፈርስት ኔሽንስ ሚሉት ያኔ ትምህርት ማለት ማንበብና መጻፍ ነበር፣ ዛሬ ሰው ሰርቶ ለመኖር ዲግሪ ያስፈልገዋል ስለዚ ቃሉ ዩኒቨርሲቲንም ያካትታል ነው። መንግስት ደሞ ትምህርት ቤት አልኩ እንጂ ዩኒቨርሲቲ መቼ አልኩ፣ ለዩኒቨርሲቲ ምሰጠው በፖሊሲ በጎ ፈቃዴ ነው ይላል። መብት ካልከው ካፕ ልታደርግበት አትችልም፣ በጎ ፈቃድ ካልከው ግን ስትፈልግ ታሳጥረዋለህ። ቡና ያለችው ኮታ ከዚ ነው ሚመነጨው።

ሌላ ልጨምር። በዛው ዘመን በ1876 የወጣው የኢንዲያን ሕግ ዲግሪ የያዘ፣ ሐኪም ወይ ጠበቃ ወይ ቄስ የሆነ ኢንዲያን ኢንዲያንነቱ ይነሳል ይል ነበር። ማለትም ከተማርክ ከወገንህ ትሰረዛለህ። ከዛ ደሞ ከ150 ሺ በላይ ህጻናት ከቤታቸው እየተወሰዱ ሬዚደንሺያል ስኩል (አዳሪ ትምህርት ቤት) ገቡ፣ ቋንቋቸውን ሲናገሩ ይገረፉ ነበር፣ የመጨረሻዎቹ የተዘጉት በ1990ዎቹ ነው፣ እኔ ካናዳ ከመጣሁ በኋላ ማለት ነው። አያቱ በትምህርት ቤት የተቀጠቀጠ ልጅ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ሲደርስ ካፕ አለብህ ተባለ። እና የኛ ሰው "አነሰን ብለው ይጮሃሉ" ይላል።

ታክስ_ከፋዩ፦
ጋሼ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ያኔ የነበረውን በደል እኔ አልሰራሁትም፣ አባቴም አልሰራውም። እኛ ከመጣን ስንት ዓመታችን ነው? የ1871 ዕዳ ለምን ከኔ ፔይ ስታብ ይቆረጣል?

ሶስና_ኤድመንተን፦
እኔ ልመልስለት ጋሼ ከፈቀዱልኝ። ዜግነት ወስደሀል አይደል? ከጁን 2021 ጀምሮ ዜግነት ሚወስድ ሰው ሁሉ መሃላው ላይ የኢንዲጂነስ ሕዝቦችን የአቦርጂናልና የትሪቲ መብት አከብራለሁ ብሎ ይምላል። የሬዚደንሺያል ስኩሉን በደል ያጣራው የትሩዝ ኤንድ ሪኮንሲሌሽን ኮሚሽን በ2015 ካወጣቸው 94 ጥሪዎች መጨረሻው ቁጥር 94 እሱ ነው። ከዛ በፊት ብትወስድም ያው ካናዳዊ ነህ፣ ሀይዌዩን ሆስፒታሉን የተረከብከው ከነዕዳው ነው፣ ንብረቱን ወስዶ ዕዳውን አላውቅም ሚባል ነገር የለም። እዛው ሰነድ ላይ ቁጥር 11 ምን እንደሚል ታውቃለህ? ፌደራል መንግስቱ ትምህርት ሚጠብቁ የፈርስት ኔሽን ተማሪዎችን ውዝፍ ለመጨረስ በቂ ገንዘብ ይመድብ ይላል። ዌይቲንግ ሊስቱን እነሱም አይተውታል ማለት ነው።

ዊኒፔግ_ልጅ፦
ኧረ እኔ ያንን መሃላ ባለፈው ዓመት ነው የማልኩት፣ በዙም ነበር፣ እውነቱን ለመናገር እጄን አንስቼ ከስክሪኑ እያነበብኩ ነው የጨረስኩት 🙈

ዴንቨር_ማሙሽ፦
እዚ ኮሎራዶ ዱራንጎ ከተማ ፎርት ሉዊስ ኮሌጅ ሚባል አለ፣ ለኔቲቭ አሜሪካን ተማሪ ቱሽን በነጻ ነው፣ ከየትኛውም ስቴት ቢመጣ። ለምን ስል አንድ ፕሮፌሰር ነገረኝ፣ ኮሌጁ መጀመሪያ የነበረበት ቦታ ድሮ የጦር ሰፈር ከዛ የኢንዲያን ትምህርት ቤት ነበር፣ በ1911 ፌደራል መንግስት መሬቱን ለስቴቱ ሲሰጥ ኔቲቭ ተማሪ በነጻ ይማርበታል በሚል ቅድመ ሁኔታ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው እስካሁን ይሰራል። ቱሽን ብቻ ነው እንጂ ዶርምና ምግብ በራስህ ነው። ስለዚ መብት ተደርጎ ከተጻፈ ይቻላል ማለት ነው። ካናዳ ውስጥ እንዲ ያለ የለም?

ቡና_በጠዋት፦
በሕግ የተጻፈ በዛ መልክ አላውቅም፣ ግን ዩኒቨርሲቲዎቹ በራሳቸው እየጀመሩ ነው። ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዋተርሉ በ2023 ለሲክስ ኔሽንስ ኦፍ ዘ ግራንድ ሪቨር እና ለሚሲሳጋስ ኦፍ ዘ ክሬዲት (ሁለቱም ፈርስት ኔሽንስ ናቸው) ልጆች ቱሽን ነጻ አደረገ። ምክንያቱም ዩኒቨርሲቲው የተቀመጠው ሃልዲማንድ ትራክት ላይ ነው፣ በ1784 ከግራንድ ወንዝ ግራና ቀኝ ለሲክስ ኔሽንስ የተሰጠ መሬት፣ ከዛ ውስጥ አሁን እጃቸው ላይ ያለው ቁራጭ ነው። ሲክስ ኔሽንስ እንደውም ሌላ ክስ አላቸው፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከትረስት ፈንዳችን ላይ ብር ተወስዶ ለማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተሰጥቷል አልተመለሰም ይላሉ። ማን ማንን ነው በነጻ ያስተማረው ያሰኛል።

ግን አንድ ነገር ልበል፣ ዩኒቨርሲቲ በራሱ ፈቃድ ሚያደርገው ጥሩ ነው፣ ተማሪው ግን የት መማር እንዳለበት ነው ሚወስንለት። ዋተርሉ አጠገብ የተወለደ ሲያገኝ ሩቅ ሰሜን ጄምስ ቤይ ላይ የተወለደው አያገኝም።

ታክስ_ከፋዩ፦
ውሉንም መሬቱንም ተውት እሺ። አንድ ነገር ግን ማንም አልመለሰልኝም። ብሩ ባንድ ኦፊስ ሲደርስ ምን ይሆናል? እኔ አብሮኝ ሚሰራ ክሪ (ከፈርስት ኔሽንስ አንዱ) ሰውዬ አለ፣ እሱ ራሱ "የቺፉ (የባንዱ መሪ) ዘመድ ካልሆንክ አታገኝም" ነው ሚለኝ። መንግስት ቢጨምርም ላይ ላዩን ነው ሚበላው። ለተማሪው በቀጥታ በስሙ ቢገባለት አይሻልም?

ሬጃይና_ሽማግሌ፦
ይሄ ጥያቄ ትክክለኛ ነው፣ መሸሽ የለብንም። እዚ ሬጃይና የፈርስት ኔሽንስ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ በ1976 የተከፈተ፣ ሕንጻውን ዳግላስ ካርዲናል ነው ዲዛይን ያደረገው፣ ልጄ እዛ የክሪ ቋንቋ ኮርስ ወስዳለች፣ ለማንም ክፍት ነው። በ2010 በአስተዳደሩ ላይ ቅሬታ በዛና ሁለቱም መንግስታት፣ ፌደራሉም ሳስካችዋንም፣ በአንድ ጊዜ ፈንዱን ቆረጡት። ሊዘጋ ነበር። ተማሪዎቹና መምህራኑ ታግለው፣ ቦርዱ ተቀይሮ፣ ገንዘቡ ተመለሰ፣ ዛሬ ደህና ቆሟል። በቦርዱ ጥፋት ተማሪው መቀጣቱ ግን ያኔም ዛሬም አይገባኝም። ሌላ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንቱ ቢያጠፋ ፕሬዚዳንቱ ነው ሚባረረው፣ በሩ ይዘጋ ሚል የለም።

ሶስና_ኤድመንተን፦
"መንግስት በቀጥታ ይስጥ" ሚለው ላይ፣ መንግስት ራሱ ንጹህ ነው እንዴ? በ2018 የካናዳ ዋና ኦዲተር ሪፖርት ወጥቶ ነበር። ኢንዲጂነስ ሰርቪስስ ሚባለው የፌደራል መስሪያ ቤት ሪዘርቭ ላይ ያሉ ልጆች 46 ፐርሰንት ሀይስኩል ይጨርሳሉ ብሎ ሪፖርት ሲያደርግ ኖሮ፣ ኦዲተሩ ከ9ኛ ጀምሮ ያቋረጡትን ጨምሮ ሲቆጥረው 24 ፐርሰንት ሆነ። ለዩኒቨርሲቲ መሰናዶ ፕሮግራም በ4 ዓመት 42 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶ ከገቡት የጨረሱት 8 ፐርሰንት ብቻ ነበሩ፣ መስሪያ ቤቱም ለምን ብሎ አልተከታተለም። ስለዚ ባንዱም ይጠየቅ፣ ኦታዋም ይጠየቅ። ግን ልጁን ወደ ኦታዋ ፖርታል ብትልከው ማን ነው ሚያውቀው? ኮኦርዲኔተሩ ቢያንስ እናቱን ያውቃል።

የዝምድናውን ነገር አልክድም፣ ሰፈሩ ትንሽ ነው፣ ሁሉም ዘመድ ነው፣ ብሩ ጥቂት ሲሆን ደሞ ያልደረሰው ሁሉ በዝምድና ነው ይላል፣ አንዳንዴም እውነቱን ነው። ብዙ ባንዶች ይሄን ለማምለጥ ነጥብ አሰጣጡን ጽፈው ይለጥፋሉ፣ ይግባኝ ሚሰማ ኮሚቴም አላቸው። ያልለጠፈው ሲለጥፍ ቅሬታው ይቀንሳል እንጂ ልጆቹን 5 ወደ 15 አያደርጋቸውም።

አንድ ነገር ስለ አልበርታ ልንገራችሁ፣ ከኤድመንተን ወደ ሰሜን ምስራቅ ሴንት ፖል አጠገብ ብሉ ክዊልስ አለ። ድሮ ሬዚደንሺያል ስኩል ነበር። በ1970 መንግስት ዘግቼ ልጆቹን ከተማ ልላክ ሲል ወላጆቹ መጥተው ሕንጻው ውስጥ ቁጭ አሉ፣ ለኛ ስጡን ብለው፣ አንለቅም አሉ፣ ሰው እየተቀያየረ ሰነበተ፣ በመጨረሻ ተሰጣቸው። ካናዳ ውስጥ በኢንዲጂነስ ሕዝብ እጅ የገባ የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ነው፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ነው። የራሳቸው ቋንቋ ያስተምራሉ። ግን እንደዚ ያሉት ተቋማት የገንዘብ ጣጣቸው ሌላ ነው፣ ትምህርት በሕገ መንግስቱ የፕሮቪንስ ስራ ነው፣ ፈርስት ኔሽንስ ደሞ የፌደራል፣ ሁለቱም "ያኛው ይክፈል" ይባባላሉ። ኦንታሪዮ በ2017 ሕግ አውጥቶ 9 ተቋማት እውቅና አግኝተዋል፣ ሌላው ጋ ገና ነው መጓተቱ።

ታክስ_ከፋዩ፦
ሶስና የሀይስኩሉ ቁጥር እውነት ከሆነ ያስደነግጣል። ግን ያንን ካየሁ እኔ ብሩን ዩኒቨርሲቲ ላይ ሳይሆን ሀይስኩል ላይ ነበር ማፈሰው። 24 ፐርሰንት ብቻ እየጨረሰ ስለ ማስተርስና ዲግሪ ማውራት ጋሪውን ከፈረሱ ማስቀደም ነው። በዛ ላይ ማማረር ጥሩ ነው ግን አማርሮ የተለወጠ ነገር አለ?

ቡና_በጠዋት፦
አለ። በ1989 መንግስት የዚህን ፕሮግራም ገንዘብ ሲገድብ ተማሪዎቹ የረሃብ አድማ አደረጉ፣ የኢንዲያን አፌርስ ቢሮዎችን ይዘው ተቀመጡ፣ በየከተማው ሰልፍ። ሁሉንም አላስመለሱም ግን ፕሮግራሙ እስከነጭራሹ እንዳይጠፋ ያደረገው እሱ ነው ብዬ ነው ማምነው። ካፑም የተነሳው ሰው 20 ዓመት ሙሉ ስለጮኸ ነው እንጂ ኦታዋ አንድ ጠዋት ተነስቶ ስላዘነ አይደለም።

ሀይስኩል ይቅደም ሚለውን ደሞ ሁለቱን ማወዳደር አልወድም። ሪዘርቭ ላይ ማን ነው ሚያስተምረው? ከደቡብ መጥቶ አንድ ዓመት ቆይቶ ሚሄድ አዲስ ምሩቅ ነው አብዛኛው ቦታ። እዛው ተወልዶ ዲግሪ ይዞ ሚመለስ አስተማሪ ካላፈራህ ሀይስኩሉም አይቆምም። ነርሱም እንደዛው፣ ሶሻል ወርከሩም። ብዙ ሰፈር ሀይስኩል እንኳን የለውም፣ ልጁ በ14 ዓመቱ ከተማ መጥቶ ሰው ቤት እያደረ ነው ሚማረው። ኦንታሪዮ ውስጥ ተንደር ቤይ ከተማ ላይ ከ2000 እስከ 2011 እንደዛ የመጡ ሰባት ልጆች ሞተው ምርመራ ተደርጎ በ2016 145 ምክረ ሀሳብ ወጥቶበታል። ከዛ አልፎ 12ኛን ጨርሶ ኮሌጅ የደረሰ ልጅ እኔ ካውንተር ላይ ሲቆም ዌይቲንግ ሊስት ልለው ነው?

በ2021 ቆጠራ ከ25 እስከ 64 ዓመት ካሉት ኢንዲጂነስ ሰዎች ባችለርና ከዛ በላይ ያላቸው 12.9 ፐርሰንት ናቸው። የሌላው ካናዳዊ ከእጥፍ በላይ ነው። "ሁሉም በነጻ" ቢሆን ኖሮ ይሄ ቁጥር እንዲ አይሆንም ነበር።

ሬጃይና_ሽማግሌ፦
ዊኒፔግ ካለህ በጋ ላይ ዘ ፎርክስ ሂድ። በትሪቲው መሰረት ለያንዳንዱ ሰው በዓመት የተባለው 5 ዶላር እስከዛሬ ይከፈላል፣ የፌደራል ሰራተኛው ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ ፖሊሱ በቀይ ዩኒፎርም ቆሞ፣ አዲስ የ5 ዶላር ኖት እየቆጠሩ ይሰጣሉ። በ1875 5 ዶላር ነበር፣ ዘንድሮም 5 ዶላር ነው። ጎረቤቴ በየዓመቱ ይሄዳል፣ ለብሩ ብሎ አይደለም፣ ውሉ እንዳለ ለማስታወስ ነው ይለኛል።

ዊኒፔግ_ልጅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ በተለይ ቡና። አንድ ፕራክቲካል ነገር ልጠይቅ። ልጅቷን ሳላሳፍር ምን ላድርግ? የጃንዋሪ ሴሚስተር ሲመጣ እንደገና መጽሐፍ ሊቸግራት ይችላል፣ ክሊኒካል ስለምንጀምር ስክራብ (የነርስ የስራ ልብስ) እና ስቴቶስኮፕም አለ።

ቡና_በጠዋት፦
ጎሽ፣ እንዲ ነው። 1ኛ ላይብረሪያችሁ ኮርስ ሪዘርቭ (ክላሱ ሁሉ ተራ በተራ ሚዋሰው መደርደሪያ) ላይ መጽሐፉን እንዲያስቀምጥ ኢንስትራክተሩን አንተ ጠይቅ፣ በራስህ ስም፣ እሷን መጥቀስ አያስፈልግም፣ ላንተም ይጠቅምሀል። ፋይናንሻል ኤይድ ክፍላችሁ ኢመርጀንሲ በርሳሪ (ለተቸገረ ተማሪ ሚሰጥ ማይመለስ ብር) ሊኖረው ይችላል፣ ኢንዲጂነስ ስቱደንት ሴንተሩም እንደዛው፣ ኖቬምበር ላይ ነው ማመልከት እንጂ ጃንዋሪ ላይ ሰው ይበዛል። ኢንድስፓየር ሚባል ድርጅት አለ፣ ለፈርስት ኔሽንስ ለኢኑይት ለሜቲስ ተማሪ ስኮላርሺፕ ይሰጣል፣ ግሩፕ ወርክ ላይ ስታወሩ እንደዋዛ "እኔ እንዲ ያለ ነገር ሰማሁ" ብለህ ሊንኩን ጣልላት። የባንድ ስፖንሰር ቢኖራትም መደበኛውን የስቱደንት ኤይድ ማመልከት ትችላለች፣ ብዙ ልጆች አይፈቀድም ብለው ይተዉታል። ስክራቡን ደሞ አምና የተመረቁት ይሸጣሉ፣ የነርሲንግ ተማሪዎች ግሩፓችሁ ውስጥ ፈልግ።

ታክስ_ከፋዩ፦
በቀጥታ ለተማሪው ይሰጥ ሚለውን አልተውኩም፣ ይሄን ያዙልኝ። ቡና ግን አንዴ፣ ኢመርጀንሲ በርሳሪ ያልሽው ለሁሉም ተማሪ ነው? ትልቁ ልጄ ዘንድሮ ሁለተኛ ዓመት ነው፣ ሎኑ አልበቃ ብሎት ስራ እየጨመረ ነው።

ቡና_በጠዋት፦
አዎ አብዛኛው ቦታ ለሁሉም ነው። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ይሂድ፣ የኪራይ ውሉንና የባንክ ስቴትመንቱን ይዞ። የአልበርታ ስቱደንት ኤይድ ላይ ደሞ ገቢው ከተቀየረ ሪቪው መጠየቅ ይችላል። አዲስ ክር ክፈትና እዛ እንቀጥል፣ ይሄኛው ረዘመ።